ማግኘትና ማዳን፦ የካንሰር ልየታ ምርመራዎችና የሞለኪውል ጠቋሚዎች ሲመዘኑ የኖሩበት ታሪክ



 ርእሴ ከሕክምና ታሪክ የተወሰደ ነው። የካንሰር ምርመራዎች እንዴት እንደተፈለሰፉ ብዙ ተብሏል፤ ከተፈለሰፉ በኋላ እንዴት እንደተመዘኑ ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ እምብዛም አይነገርም። ዛሬ የማተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ እንስማማ። የልየታ ምርመራ ስል ምንም ሕመም የማይሰማውን፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ወደ ሥራው የሚሄደውን ሰው ጠርተን የምናደርግለትን ምርመራ ማለቴ ነው። አሞኛል ብሎ የመጣ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነው የመጣው፤ በልየታ ግን ጠሪዎቹ እኛ ነን። ስለዚህ ኃላፊነቱ ይከብዳል። ታሞ የመጣውን መርዳት ቢያቅተን ሕመሙን ያመጣንበት እኛ አይደለንም፤ ጤነኛውን ጠርተን ብንጎዳው ግን ጉዳቱ የእጃችን ሥራ ነው። የሞለኪውል ጠቋሚ ስል ደግሞ በደም፣ በሽንት ወይም በሕዋስ ውስጥ ተለክቶ የካንሰርን መኖር ወይም ጠባይ የሚያመለክት ፕሮቲን፣ ሌላ ኬሚካል ወይም የዲ ኤን ኤ ምልክት ማለቴ ነው።

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ አንድ የልየታ ምርመራ ጥሩ ነው የምንለው ምን ሲያደርግ ነው? ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ካንሰሩን ቶሎ ሲያገኝ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ግን ነው። ካንሰርን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከካንሰር ማዳን ሌላ ነገር ነው። ሕክምናው ዓለም በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መለካት የተማረው ቀስ በቀስ፣ ብዙ ዋጋም ከፍሎ ነው። ታሪኩን በተርታ ላቅርብ።

1. ሳይመዘን የተስፋፋ ምርመራ

ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1913 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በኒው ዮርክ ከብልት የሚወሰዱ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ሲያጠኑ ከጤነኞቹ መካከል የካንሰር ሕዋሳትን መለየት እንደሚቻል ተገነዘቡ። በ1928 ይህንን በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረቡ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በዚያው ዘመን ሩማንያዊው ኦሬል ባቤሽ ተመሳሳይ ሐሳብ ማቅረባቸውም ይታወቃል። ፓፓኒኮላው ከማሕፀን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ጽሑፍ፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፍ ካወጡ በኋላ ምርመራው በሰፊው ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ «ፓፕ» የሚባለው ምርመራ ስሙን የወረሰው ከእርሳቸው ነው።

ይህ ምርመራ ሲስፋፋ ከሞት ያድን እንደሆነ በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች አልተፈተነም። በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ፍተሻ ገና ልማድ አልነበረም፤ ልማድ በሆነ ጊዜ ደግሞ ምርመራው ከመስፋፋቱ የተነሣ ግማሹን ሴት ያለ ምርመራ አቆይቶ ማነጻጸር የሚቻል አልሆነም። ታዲያ መጥቀሙ በምን ታወቀ? መልሱ የተገኘው ከሰሜን አውሮፓ አገሮች የካንሰርና የሞት መዝገብ ነው። አምስቱ የኖርዲክ አገሮች በኑሮም በሕክምናም ይቀራረባሉ፤ ልየታውን ያደራጁበት መንገድ ግን ይለያያል። በ1987 የታተመ አንድ ጥናት ከ1965 እስከ 1982 በማሕፀን በር ካንሰር የደረሰውን ሞት አነጻጸረ። ሴቶቹን ሁሉ በስም እየጠሩ በየጊዜው የሚመረምሩት አይስላንድ በ80 ከመቶ፣ ፊንላንድ በ50 ከመቶ፣ ስዊድን በ34 ከመቶ ሞቱን ቀነሱ። ጥሪው ከሕዝቡ ከፊሉን ብቻ ባዳረሰባት ዴንማርክ ቅናሹ 25 ከመቶ ሆነ። የተደራጀው ልየታ ከሕዝቡ 5 ከመቶውን ብቻ ይሸፍን በነበረባት ኖርዌይ ደግሞ ቅናሹ 10 ከመቶ ብቻ ነበር።

በአምስቱም አገሮች የሚጠቀሙበት ማይክሮስኮፕና ቀለም በመሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከጥሪው፣ ከመዝገቡና ከክትትሉ ነው። ይህን አስቀምጠን እንለፍ፤ በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

2. ሁለቱ ቁጥሮችና ገደባቸው

ምርመራን በቁጥር የመመዘን ልማድ የመጣው ከካንሰር ሳይሆን ከሳንባ ነቀርሳ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደረት ራጅ በብዛት ሲነሣ አንድን ፊልም የሚያነቡ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ሳይሆን ያንኑ ፊልም ዳግመኛ ሲያነቡ ከራሳቸው ጋርም እንደማይስማሙ ታየ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ጃኮብ የሩሻልሚ በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት መለኪያዎችን ለይተው አስቀመጡ። አንደኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ከታመሙት መካከል ምርመራው ስንቱን ይይዛል? ሁለተኛው ስፔሲፊሲቲ ነው፤ ከጤነኞቹ መካከል ስንቱን በትክክል ጤነኛ ይላል? ምርመራ ወንፊት ነው ብለን ካሰብን፣ የመጀመሪያው ገለባው ምን ያህል እንደተያዘ፣ ሁለተኛው ዱቄቱ ምን ያህል እንዳለፈ ይነግረናል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን አንድ አደጋ አላቸው፤ ከተለኩባቸው ሰዎች ተለይተው የምርመራው ቋሚ ባሕርይ ሊመስሉ ይችላሉ። ይህንን ያጋለጠው የመጀመሪያው ታላቅ የካንሰር ጠቋሚ ነው።

በ1965 በሞንትሪያል ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥና በፅንስ አንጀት ውስጥ የሚገኝ፣ በጤነኛ ጎልማሳ አንጀት ውስጥ ግን ያላገኙት አንቲጂን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሲ ኢ ኤ ብለው ሰየሙት። በ1969 እነርሱና ባልደረቦቻቸው በደም ውስጥ ሲለኩት የትልቁ አንጀትና የሬክተም ካንሰር ካለባቸው 36 ሕሙማን በ35ቱ አገኙት። ውጤቱ ያስደንቃል፤ በአንድ የደም ናሙና የአንጀት ካንሰርን ማወቅ የሚቻል መሰለ።

ቀጣዮቹ ጥናቶች ግን ይህንን ውጤት ሊደግሙት አልቻሉም። ምክንያቱን በ1978 በየል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ራንሶሆፍና አልቫን ፋይንስታይን በዝርዝር አብራሩት። የመጀመሪያው ጥናት በአንድ በኩል ካንሰራቸው የገፋ ሕሙማንን፣ በሌላው በኩል ጤነኞችን አቁሞ ነበር። ዝሆንን ከአይጥ የለየ ሰው አይጥን ከፍልፈል ይለያል ማለት አይደለም። ምርመራው ገና ትንሽ የሆነ ካንሰር ያለባቸውን፣ ሲጋራ የሚያጨሱትን፣ ጉበታቸው ወይም አንጀታቸው በሌላ በሽታ የተጠቃውን ሰዎች ሲያገኝ ይደናገራል፤ ትንሹን ካንሰር ያልፈዋል፣ ካንሰር የሌለበትን ይከስሳል። በልየታ የምንጠራቸው ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ሲ ኢ ኤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በቀዶ ሕክምና የታከመ የአንጀት ካንሰር ተመልሶ እንደሆነ ለመከታተል ይረዳል። የጥያቄው መለወጥ የአንዱን ሞለኪውል ዋጋ ለወጠው ማለት ነው። «ይህ ጠቋሚ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለማን፣ መቼ፣ ምን ለመወሰን ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

3. ቶሎ ማወቅ ዕድሜን ሲያረዝም መምሰሉ

ቀጣዩ ወጥመድ ከዚህ ይረቅቃል። በ1971 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለስድስት ዓመት በየአራት ወሩ የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ተደረገለት። በዚህ ቡድን ብዙ የሳንባ ካንሰር ተገኘ፤ ካንሰር ከተገኘባቸውም መካከል 33 ከመቶው አምስት ዓመት ሲኖሩ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ይህን ያህል የኖሩት 15 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ማንም ሰው ይህን ሲሰማ ልየታው ሠራ ይላል። በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሲቆጠሩ ግን ከ1,000 ሰው በዓመት በተመረመሩት 3.2፣ በማነጻጸሪያው ቡድን 3.0 ሆነ። የቀነሰ ሞት አልነበረም።

ይህ እንዴት ይሆናል? በ70 ዓመቱ በካንሰር የሚሞት ሰው እናስብ። ሕመም ተሰምቶት በ67 ዓመቱ ቢታወቅበት ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ እንላለን። በልየታ በ62 ዓመቱ ቢታወቅበትና ሕክምናው ባይረዳው ስምንት ዓመት ኖረ እንላለን። ሁለቱም ጊዜ የተቀበረው በ70 ዓመቱ ነው። የጨመርንለት ዕድሜ ሳይሆን ሕመምተኛ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ነው። በተጨማሪም ልየታ ፈጥኖ ከሚያድገው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ካንሰር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፈጣኑ በሁለት ምርመራዎች መካከል ወጥቶ ይገድላል። ከነጭራሹም ሳይታወቅ ቢቀር ሰውየውን የማይጎዳ ካንሰር አለ፤ ይህንን ማግኘት ትርፍ ግኝት ልበለው።

4. የጃፓን ሕፃናት

ትርፍ ግኝት የመማሪያ መጽሐፍ ሐሳብ ብቻ እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ በኔ ግምት የጃፓኑን የሚያህል የለም። ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

ኒውሮብላስቶማ የሕፃናት ካንሰር ነው፤ ከነርቭ ሥርዓት ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜም ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ውስጥ ይጀምራል። ዓመት ካለፋቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚደርሱት ከተሠራጨ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ከዓመት በታች የሆኑት ግን በአብዛኛው ይድናሉ። ካንሰሩ ወደ ሽንት የሚወጡ ቪ ኤም ኤ እና ኤች ቪ ኤ የተባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል። እንግዲህ ሐሳቡ ቀና ነው፤ የሕፃናቱን ሽንት ገና በስድስት ወራቸው ብንለካ ካንሰሩን በሚድንበት ዕድሜ እንይዘዋለን። በኪዮቶ ተጀምሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ልየታው በጃፓን አገር አቀፍ ሆነ።

ውጤቱ ያማረ ነበር። መለኪያው በትክክል ይለካል። ብዙ ሕፃናት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ታከሙ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳኑ። ልጁ የዳነለት ወላጅ ይህን ምርመራ ቢያመሰግን ማን ይፈርድበታል?

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም። ልየታው በሕፃናቱ ላይ የሚገኘውን ካንሰር ሲያበዛው፣ በትልልቆቹ ልጆች ላይ የሚታየው የገፋ ካንሰር ሊቀንስ ይገባው ነበር፤ ሆኖም እንደተጠበቀው አልቀነሰም። አስቀድሞ የወደቀ ፍንጭም ነበር። በ1963 ብሩስ ቤክዊዝና ዩጂን ፔሪን በሌላ ምክንያት የሞቱ ጨቅላ ሕፃናትን አስከሬን መርምረው፣ ኒውሮብላስቶማ የሚመስሉ ጥቃቅን እባጮች በሽታው ከሚታይበት መጠን እጅግ በዛ ብለው እንደሚገኙ ጽፈው ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይከስማሉ ማለት ነው።

ጥርጣሬውን ወደ ዕውቀት የለወጡት ሁለት ጥናቶች ናቸው፤ ሁለቱም በ2002 አብረው ታተሙ። አንደኛው በካናዳ ኩቤክ ግዛት በአምስት ዓመት ውስጥ የተወለዱ 476,654 ሕፃናትን ልየታ ካልተደረገባቸው ሕዝቦች ጋር አነጻጸረ። ሁለተኛው በጀርመን ነው፤ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች በዓመታቸው ተመረመሩ፤ ልየታ ባልተደረገባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ያሉት ልጆች ማነጻጸሪያ ሆኑ። በጀርመን ልየታው 149 ልጆች ላይ ካንሰር አገኘ፤ ከእነዚህ የሞቱት 3 ናቸው። ምርመራው ነጻ ናችሁ ካላቸው መካከል ደግሞ 55 ልጆች በኋላ ታመሙ፤ ከእነዚህ 14ቱ ሞቱ። ሞት ከ100,000 ልጅ ሲሰላ በተመረመሩት 1.3፣ ባልተመረመሩት 1.2 ሆነ። የካናዳውም መደምደሚያ ተመሳሳይ ነበር፤ ልየታው ሞትን አልቀነሰም።

እነዚህን ቁጥሮች በጥሞና ተመልከቷቸው። ወንፊቱ የያዘው በአብዛኛው የማይገድለውን ነበር፤ ገዳዩ አልፎታል። በሞለኪውል ደረጃም ሲታይ ኤም ዋይ ሲ ኤን የተባለው ጂን የተባዛበት፣ ክፉ ጠባይ ያለው ኒውሮብላስቶማ በልየታ ከተገኙት መካከል ጥቂት ብቻ ነበር። ልጆቻችን ዳኑልን ብለው ካመሰገኑት ወላጆች ብዙዎቹ ሳያውቁት ቢቀሩ ልጃቸው ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ ኬሞቴራፒ ባደገ ነበር። የትኛው ወላጅ እንደሆነ ግን በስም መጥራት ፈጽሞ አይቻልም። የትርፍ ግኝት ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፤ የተጎዳው ሰው መጎዳቱን አያውቅም፤ እንዲያውም አመስጋኝ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በማነጻጸሪያው ቡድን መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው።

ጃፓን ልየታውን በ2003 ወስና አቆመች። በአገር ደረጃ ለዓመታት የተሠራበትን፣ ሕዝብ የሚወደውን ምርመራ ማስቀረት ከመጀመር የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል።

5. የወንዶቹ ምርመራና የሴቶቹ ምርመራ

የፕሮስቴቱ ጠቋሚ የፒ ኤስ ኤ ታሪክ ከዚህ ይወሳሰባል። በ1986 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ካንሰራቸው የታወቀ ሕሙማንን ለመከታተል ነበር። በ1994 ለምርመራ አጋዥነት ሲፈቀድ ጤነኞችን በእርሱ መለየት በሰፊው ተለምዶ ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም የሚለው ወሰን እንደ ድንበር ተቆጠረ። በ2004 የታተመ ጥናት ግን ከወሰኑ በታች የሆኑ 2,950 ወንዶች ናሙና ሲወሰድላቸው 15.2 ከመቶው ካንሰር እንዳለባቸው አሳየ። ድንበሩ የኛ እንጂ የተፈጥሮ አልነበረም።

በ2009 ሁለት ታላላቅ የዕጣ ጥናቶች አብረው ታተሙ። የአሜሪካው የሞት ቅናሽ አላሳየም፤ በማነጻጸሪያው ቡድን ያሉ ብዙ ወንዶች ግን በራሳቸው ተመርምረው ስለነበር ንጽጽሩ ደብዝዟል። የአውሮፓው 20 ከመቶ ቅናሽ አሳየ፤ አንድን ሞት ለማስቀረት 1,410 ወንዶችን መለየትና 48 ተጨማሪ ሰዎችን ማከም ያስፈልግ ነበር። በ2019 ከ16 ዓመት ክትትል በኋላ ቁጥሮቹ ወደ 570 እና 18 ዝቅ አሉ። እዚህ ላይ ሳይንስ «ጠቃሚ» ወይም «ጎጂ» ብሎ በአንድ ቃል አልፈረደም፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን ቆጥሮ በሰውየው ፊት አስቀመጠ። የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2012 ልየታውን ከተቃወመ በኋላ በ2018 ከ55 እስከ 69 ዓመት ላሉ ወንዶች ውሳኔውን ለራሳቸው ከሐኪማቸው ጋር እንዲመክሩበት ትቶላቸዋል።

የእንቁልጢ፣ ማለትም የኦቫሪ ካንሰር ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይጨምራል። በ2002 በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን አሻራ በኮምፒዩተር በማንበብ ካንሰሩን ማወቅ ይቻላል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከ50 ሕሙማን 50ውን ያዘ፤ ካንሰር ከሌለባቸው 66 መካከል 63ቱን በትክክል ለየ። ካንሰር አለብሽ ከተባሉት 94 ከመቶው በእርግጥ ታመው ነበር። ይህ 94 ከመቶ ግን የተገኘው ከተመረመሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ስለነበሩ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በሽታው ከ2,500 ሴቶች አንዷን ይዟል እንበል። 100,000 ሴቶችን ብንመረምር 40 ታማሚዎች አሉ፤ ሁሉንም ያዝን። ከቀሩት 99,960 ጤነኞች 5 ከመቶውን ማለትም ወደ 4,998 ሴቶችን በስሕተት ታማሚ አልን። ከተጠሩት 5,038 ሴቶች በእርግጥ የታመሙት 40 ናቸው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀሩት ጤናማ እንቁልጢያቸውን ለቀዶ ሕክምና ሊያቀርቡ ነው። በኋላም ኪት ባገርሊና ባልደረቦቻቸው ጥሬ መረጃውን መርምረው፣ ኮምፒዩተሩ ያየው ልዩነት ከካንሰር ሳይሆን ናሙናዎቹ ከተለኩበት ሁኔታ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ።

ሁለተኛው ትምህርት ከብሪታንያ ነው። ከ2001 እስከ 2005 የተመዘገቡ 202,638 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ሲ ኤ 125 በተባለው ጠቋሚ በየዓመቱ ተመረመሩ። በ2021 የመጨረሻው ውጤት ሲወጣ በእነዚህ ሴቶች ላይ ካንሰሩ በመጀመሪያ ደረጃ ይበልጥ፣ በገፋ ደረጃ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሞት ግን አልቀነሰም። ካንሰርን ቀደም ባለ ደረጃ መያዝ እንኳ ብቻውን የማዳን ማስረጃ እንዳልሆነ ይህ ጥናት አሳይቷል። ዛሬ ከአንድ የደም ናሙና ብዙ ዓይነት ካንሰሮችን እናገኛለን የሚሉ አዳዲስ የዲ ኤን ኤ ምርመራዎች ሲቀርቡልን መጀመሪያ ልናስታውሰው የሚገባን ይህንን ነው።

ከእነዚህ ልምዶች በኋላ የምዘናው ሥራ ሥርዓት ያዘ። በ2001 ማርጋሬት ፔፔና ባልደረቦቻቸው አንድ ጠቋሚ ሊያልፍባቸው የሚገቡ አምስት ደረጃዎችን አስቀመጡ። በላቦራቶሪ መገኘት፣ ታማሚን ከጤነኛ መለየት፣ ሰዎቹ ከመታመማቸው በፊት ተወስዶ በተከማቸ ደም መፈተን፣ በልየታ ላይ ምን እንደሚያገኝ ማየት፣ በመጨረሻም ሞትን መቀነሱን ማረጋገጥ። ብዙ ጠቋሚዎች በሁለተኛው ደረጃ ተመስግነው በሦስተኛው ይወድቃሉ።

6. ከኦስማናባድ ወደ እኛ

እስካሁን የነገርኳችሁ የወደቁትንና ያነከሱትን ነው። ፈተናውን ያለፈ የሞለኪውል ምርመራ ግን አለ፤ ያለፈውም በሕንድ የገጠር ወረዳ ነው።

ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ በማሕፀን በር ካንሰር ውስጥ እንዳለ አሳዩ፤ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጠቋሚው እዚህ ላይ የካንሰሩ ጥላ ብቻ አይደለም፤ መንስኤው ራሱ ነው፤ ካንሰር ከመሆኑ ከዓመታት በፊትም ይገኛል። በማሃራሽትራ ግዛት በኦስማናባድ ወረዳ 131,746 ሴቶች የሚኖሩባቸው 52 የመንደር ስብስቦች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የኤች ፒ ቪ ምርመራ፣ አንዱ ፓፕ፣ አንዱ በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት፣ አንዱ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ አገኘ። ምርመራው የተደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2009 በታተመው ውጤት፣ ቡድኖቹ በመጠን ተቀራራቢ ሆነው ሳለ፣ በማሕፀን በር ካንሰር የሞቱት በኤች ፒ ቪ ቡድን 34፣ ባልተመረመረው ቡድን 64 ነበሩ። ሌሎቹ ሁለቱ ምርመራዎች በዚህ ጥናት ጉልህ የሞት ቅናሽ አላሳዩም። በዓይን ማየት ግን በሌሎች የሕንድ ጥናቶች፣ ሠልጣኝ ነርሶችና የቅርብ ክትትል ባሉበት፣ ሞትን ሲቀንስ ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ስልት ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው ብቃቱ ከፍ ባለ ምርመራ እንዲለዩ፣ 70 ከመቶውም እንዲዳረሱ ግብ አስቀምጧል፤ በ2021 ደግሞ የኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ ምርመራን በመጀመሪያ ምርመራነት መክሯል። በአገራችን የማሕፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛነት የሚገኝ ነው። በጤና ተቋሞቻችን በአሴቲክ አሲድ ማየት ተለምዷል፤ ክትባቱም በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የሚቀጥለው እርምጃ ወደ ሞለኪውል ምርመራው መሻገር መሆኑ አያጠራጥርም።

ታሪኩን የነገርኳችሁ ለዚህ መሻገሪያ ይጠቅመን ዘንድ ነው። ከኖርዲክ አገሮች እንደተማርነው መሣሪያው ብቻውን ማንንም አያድንም። ኤች ፒ ቪ የተገኘባትን ሴት መልሶ የሚጠራት ስልክ፣ የሚያክማት ነርስ፣ ከዓመት በኋላ የት እንደደረሰች የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልጋል። ማክስ ዊልሰንና ጉናር ዩንግነር በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ዝነኛ ሰነድ ካሰፈሯቸው አሥር መርሆች አንዱ ይኸው ነው፤ የማረጋገጫና የሕክምና አገልግሎት ከሌለ ልየታ አይጀመር። ውጤቷን ተቀብላ ሕክምና ያላገኘች ሴት ከልየታው የተረፋት ጭንቀት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በከተሞቻችን ጤነኛ ሰዎች ፒ ኤስ ኤ፣ ሲ ኢ ኤ እና ሲ ኤ 125 በአንድ ጥቅል ተለክቶላቸው የውጤት ወረቀት ይዘው ሲጨነቁ እመለከታለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው። ለእነዚህ ሰዎች መልስ ለመስጠት ሁላችሁም ዛሬ የሰማችሁትን ብታስታውሱ ይበቃል። አዲስ ምርመራ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ ሻጭም ይሁን ለጋሽ ወይም ተመራማሪ፣ የምናቀርብለት ጥያቄ ይህ ይሁን፤ በማን ላይ ተፈተነ? የተገኘበት ሰው ምን ይደረግለታል? በእርሱ ምክንያት የሞት ቁጥር ቀንሷል ወይ? የቀነሰውስ ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው?

ለተመራቂ ተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ተቋቁሟል። መዝገብ መያዝ እንደ ጂን ጥናት ሽልማት የሚያስገኝ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን የጀርመኖቹን 149 ልጆች ከ55ቱ ጋር ያነጻጸረው፣ የአይስላንድን 80 ከመቶ ከኖርዌይ 10 ከመቶ የለየው መዝገብ ነው። በየክልሉ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖረን የሌሎችን ውጤት ከመዋስ አልፈን የራሳችንን ምርመራ በራሳችን ሕዝብ ላይ ልንመዝን እንችላለን። ከእናንተ መካከል ይህንን ሥራ የሚመርጡ ቢኖሩ፣ የሚያድኗቸውን ሰዎች በስም አያውቋቸውም፤ የዳኑትም እናንተን አያውቁም። ሥራው ግን ማዳን ነው።